ብሩገን ነው የጠየቅሁሽ

ቲልሰንበርግ፣ ኦንታሪዮ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2011

ለተከበርሽው ለዙልማ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። ባለቤትሽ ሞሪትስ ሲያርፍ ካርድ ብቻ መላኬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የአክስቴ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው። የአገራችን ቋንቋ ምላሴ ላይ ዝጓል፤ ስታነቢው እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ።

የጻፍኩልሽ ለጉዳይ ነው። ባለቤቴ ዶሪስ ስልሳ ዓመት ስለሚሞላት በትልቅ መርከብ የሰሜን ባህርን ልንዞር ነው። መርከቡ ማክሰኞ ጁን 14 ዜብሩገ ይቆማል። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። መርከቡ የራሱ አስጎብኚዎች አሉት፤ እኔ ግን ባንዲራ ይዛ ከፊት የምትሄድ ልጅ እየተከተልኩ በገዛ አገሬ መነዳት አልፈልግም። ለብቻችን ወጥተን ብሩገን ማየት ነው የምንፈልገው፤ ጊዜ ከተረፈም አጠገቧ ያለችውን ዳመን። ዶሪስ በቦዮቹ ላይ በጀልባ መሄድ ያምራታል።

ችግሩ እኔ የማውቀው ዜብሩገ ዓሣ አጥማጆችና ጭቃ ብቻ የነበረበትን ነው። አሁን በካርታ ሳየው ሁሉም ሲሚንቶ፣ ክሬንና አጥር ሆኗል። ከመርከቡ ከወረድን በኋላ ከወደቡ የምንወጣው እንዴት ነው? በእግር ይቻላል? ባቡሩስ ከየት ይነሳል? አጠገቡ ስለምትኖሪ ካንቺ የተሻለ የሚነግረኝ የለም።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አክባሪሽ ኦዲሎን


ሊሰቬገ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2011

ለውድ ኦዲሎን፤

ሰላምህ ይብዛ፤ ቤትህም በደስታ የተሞላ ይሁን። ደብዳቤህን ፖስተኛው እጄ ላይ ሲያኖረው የካናዳውን ቴምብር አይቶ «እመቤቴ፣ ዘመድ አስታወሰዎት» አለኝ። እኔም ደህና ነኝ። ከሞሪትስ በኋላ ቤቱ ሰፍቶኛል፤ መጻሕፍቴ ግን አሉ። ለዶሪስ መልካም ልደት በልልኝ።

አሁን ስለ መንገዱ። ከወደቡ በእግር አይወጣም። ኮንቴነር የሚጎትቱ መኪኖች ቀን ሙሉ ስለሚተራመሱ በአጥሩ ውስጥ እግረኛ ክልክል ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የእንግሊዝ ሽማግሌ «ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ነው የሄድኩት» ብሎ ቢወጣ በፖሊስ መኪና ነው የመለሱት። ከመርከቡ ደረጃ ስር የወደቡ አውቶቡስ ይጠብቃችኋል። በነጻ ነው። ብላንከንበርገ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያወርዳችኋል።

ስትወርዱ ጣቢያው ከጀርባችሁ ይሆናል። ወደ ጣቢያው አትዙሩ። መንገዱን ተሻገሩ። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ አረንጓዴ መጋረጃ የተዘረጋበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ የአረጋውያን ቤት ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ ስትወጡ በቀኝ በኩል ሦስተኛው በር። ኢርማ የሚል ስም ተለጥፎበታል።

እናትህ ናቸው። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል እንጂ አእምሯቸው ከእኔም ከአንተም ይበልጣል።

የአምላክ እናት ትጠብቃችሁ።

ዙልማ


ቲልሰንበርግ
ማርች 20 ቀን 2011

ለዙልማ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ አውቶቡሱ አመሰግናለሁ።

ብሩገን ነው የጠየቅሁሽ። ብላንከንበርገን አልጠየቅኩም፤ ስለ ሴትዮዋም አልጠየቅኩም። እንደዘነጋሽው አድርጌ ላልፈው አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ የምትዘነጊ ሰው አይደለሽም።

አንድ ነገር ልነግርሽ ይገባል፤ ስልክ እንዳትደውዪ፣ ቤታችን የሚደርስ ደብዳቤ ላይም ስሟን እንዳትጽፊ። ዶሪስ ወላጆቼ ሁለቱም እንደሞቱ ነው የምታውቀው። ከመጋባታችን በፊት እንደዚያ ነገርኳት። ያን ጊዜ ቀላሉ መንገድ ያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማረሚያው ጊዜ አለፈ። በየዓመቱ ለሙታን ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለአባቴም ለእሷም ሻማ ታበራለች። ይህን አሁን ማፍረስ አልችልም። መርከብ ላይ፣ በልደቷ ሰሞን፣ በፍጹም።

ስለዚህ በብላንከንበርገ የማያልፍ መንገድ ንገሪኝ። የባቡሩን ሰዓት ጨምሪበት።

ኦዲሎን


ሊሰቬገ
ማርች 29 ቀን 2011

ኦዲሎን፤

ሰላምታውን ዛሬ እዘለዋለሁ፤ ከእጄ አልወጣ ብሏል።

ሻማ ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናትህ በየሳምንቱ ጥፍራቸውን ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ሾርባው ቀጠነ ብለው ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ ጋር ይጣላሉ። በዚያኛው አገር ደግሞ ሻማ ይበራላቸዋል። ሴትዮዋ ያልካቸው እናትህ ናቸው። ከእንግዲህ ለእኔ ስትጽፍ ስማቸውን ጥራ፤ ካልሆነም ተወው።

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የመጀመሪያው ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ፤ የእኔ ቀን ነው። ዛሬም ደብዳቤህን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ።

«መርከቡ ስንት ሰው ይይዛል አልሽኝ?» አሉኝ ገና ኮቴን ሳላወልቅ።

«ወደ ሁለት ሺህ።»

«ከሁለት ሺህ ሰው አንዱ የእኔ ቢሆን በዛ?»

ከጎናቸው ያለው ክፍል ውስጥ ፊርሚን የሚባል ጡረተኛ አለ፤ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳ የነበረ። በሩ ተከፍቶ ከሆነ የሰው ወሬ ሁሉ የእሱ ነው። «ኢርማ፣ ካናዳ የኖረ ሰው በበር አይገባም፤ እኔ ነኝ በክሬን የማወርድልሽ» አላቸው።

«አንተ ዝም በል። ያንተ ልጆች እዚሁ ክኖከ ሆነው፣ ትራም ከደጃቸው እየተነሳ፣ መቼ መጡ?»

«ድልድዩ ተነስቶባቸው ነዋ» ብሎ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ይህን ቀልድ እንዳልረሳኸው ተስፋ አለኝ። አሁንም በእኛ ዘንድ የዘገየ ሁሉ ሰበቡ አንድ ነው፤ መርከብ እያለፈ ድልድዩ ተነስቶ ነበር ይላል። ለሥራም፣ ለቅዳሴም፣ ለሠርግም። ያንተ ድልድይ ሠላሳ ስድስት ዓመት እንደተነሳ ነው። እስኪ ንገረኝ፤ እስከ ዛሬ አልፎ ያላለቀው የትኛው መርከብ ነው?

እናትህ ለጁን 13 ፀጉር ሠሪዋን ቀጥረዋል። እኔ ምን ብዬ ላስቀርላቸው?

ሌላም ነገር ልንገርህ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልተነገረህ ነው። እናትህ የመሬቱን ወረቀት ሲፈርሙ ምን እንደፈረሙ አላወቁም ነበር። የተነበበላቸውን አምነው ነው የፈረሙት። እስከ መቃብር ልትቆጣቸው ከሆነ ቢያንስ ይህን አውቀህ ተቆጣ።

ዙልማ


ቲልሰንበርግ
ኤፕሪል 11 ቀን 2011

ዙልማ፤

እኔን ስለ መቆጣት ልታስተምሪኝ ነው?

እንግዲያው እኔም አንዴ ልንገርሽ፤ አንቺ በመንገዱ ማዶ ሆነሽ ያየሽው የተወሰነውን ነው። ያኔ ጦራችን በሰፈረበት ጀርመን አገር ወታደር ቤት ነበርኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያን መሬት ያረስኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርቴን ትቼ ያረስኩት። ለፋሲካ ፈቃድ ስመጣ ድንች ማሳችን መሃል ጫፋቸው ቀይ የተቀቡ ችካሎች ተተክለዋል። የጎረቤት ልጆች መጫወቻ መስሎኝ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ክንዴ ሙሉ ታቅፌ ቤት ስገባ እሷ ገበታ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ቀና ብላ አየችኝና «መልሰህ ትከላቸው፣ የእነሱ ናቸው» አለችኝ።

ያንን መቼም አልረሳውም። በአባቴ መሬት ላይ ለወደቡ ሰዎች መልሼ ችካል እንድተክል። «ምን ማለትሽ ነው?» ስላት «ፈርሜያለሁ» አለች። አንድ ቃል ሳትጨምር። ወታደር ቤት ደብዳቤ ይደርሳል፤ ቴምብር እንኳ አያስፈልገውም ነበር። አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። ተከልኳቸው፤ ታውቂያለሽ? በየጉድጓዳቸው መልሼ ተከልኳቸው። ወታደርነቴ እንዳለቀም ሄድኩ።

አሁን እዚያ ቦታ ምን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ በፎቶ ካርታ አይቻለሁ። ነጭ ላስቲክ የለበሱ አዳዲስ መኪኖች ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። ከብቶቻችን የሚተኙበት ቦታ ላይ መኪና ተኝቷል።

አሁን አንቺ መጥተሽ አላወቁትም፣ ተነብቦላቸው ነው ትይኛለሽ። እሺ። ማን ነው ያነበበላት? ከመሬት መሥሪያ ቤቱ የመጣው ሰውዬ ነው? ቄሱ ናቸው? በስሙ ጥሪልኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የማይገባውን ሰው ስቆጣ ኖሬ ከሆነ ትክክለኛውን የማወቅ መብት አለኝ።

የብሩገንም መንገድ ላኪልኝ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው ስጠይቅሽ።

ኦዲሎን


ሊሰቬገ
ሜይ 19 ቀን 2011

ኦዲሎን፤

በመዘግየቴ ይቅርታ። ታምሜ አልነበረም።

የጠየቅኸው መንገድ ይኸው። በወደቡ አውቶቡስ አትሳፈሩ። መርከቡ ላይ ሳላችሁ ታክሲ አስጠሩ፤ ታክሲ እስከ ደረጃው ድረስ እንዲገባ ይፈቀድለታል። ለሾፌሩ ዜብሩገ መንደሩ ጣቢያ በለው። የባህር ዳርቻው ጣቢያ እንዳትል፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ እዚያ ባቡር የሚቆመው በእረፍት ቀን ብቻ ነው። ይህን የማያውቁ እንግዶች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው የማይመጣ ባቡር ሲጠብቁ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባቡር በየሰዓቱ አለ። በእኛ በሊሰቬገ ያልፋል፤ በአንዱ መስኮት የቤተ ክርስቲያናችን ግንብ፣ በሌላው መኪኖቹ ይታያሉ። ዶሪስን በግንቡ በኩል አስቀምጣት። ብሩገ ስትወርዱ ሰዎች ወደሚሄዱበት ሂዱ፤ ሁሉም ወደ ቦዮቹ ነው የሚሄደው። ዳመን ተወው፣ መመለሻው አያስተማምንም።

ሰዓትህን አደራ። መርከቡ ከእንግሊዝ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዶቹ የመርከቡን ሰዓት ሳያስተካክሉ ይገባሉ። ባቡሩ የሚሄደው ከእነሱ በአንድ ሰዓት በሚቀድመው በእኛ ሰዓት ነው። በዚህ የተነሳ የቀሩ አሉ።

መንገዱ ይህ ነው። በብላንከንበርገ አያልፍም። ማንም አያይህም።

ጥያቄህንም አይቻለሁ። ለእናትህ ነገርኳቸው።

«ማን እንዳነበበልዎት ይጠይቃል» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ «ምን ብለሽ መለስሽ?» አሉኝ።

«ገና ነኝ።»

«ገና እንደሆንሽ ቅሪ። የፈረመው እጅ የእኔ እጅ ነው፤ ስሙም የእኔ ስም ነው። ማንንም አትጥሪ።»

«ለምን ዝም አሉት ያን ጊዜ? ቢነግሩት ኖሮ እኮ...»

«ብነግረው ምን? ችካል ታቅፎ የገባ ቀን ፊቱን አላየሽውም። እኔን ተቆጥቶ ካናዳ ሄደ። መንገዱን ተሻግሮ የሞሪትስን በር ቢያንኳኳስ ኖሮ? አንቺ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ያን ችካል ይዞ ነበር የሚመጣብሽ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሾርባው ማውራት ጀመሩ።

ማንንም እንዳልጠራ ነግረውኛል፤ አልጠራም። ያሉትን ግን አንድ ቃል ሳላጎድል ጽፌልሃለሁ።

ዙልማ


ከመርከቡ ላይ
ጁን 8 ቀን 2011

ይህን መርከቡ በሚቆምበት በበርገን ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ። ከእኔ በፊት ይደርስሻል።

በእኛ መንገድ ላይ መጽሐፍ ያለበት ቤት አንድ ብቻ ነበር። አንቺ ነሽ ከቤተ መጻሕፍቱ በብስክሌት ቅርጫት የምታመላልሺው። እኛ «የሞሪትስ ሚስት ድስቱን ታሳርራለች፣ እያነበበች ነው የምታማስለው» እያልን እንስቅብሽ ነበር። እናቴ ከአልማናክ፣ ከዚያ ከገበሬ ቀን መቁጠሪያዋ፣ ሌላ አታነብም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣላት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ይዛው የምትሻገረው ወደ አንቺ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ፈርሚ አልሻት። ሁሉም ፈርሟል፣ እምቢ ብትዪም ይወስዱታል አልሻት። እንዳልሻት አልጠራጠርም፤ ድምፅሽ ይሰማኛል። ምናልባትም እውነትሽን ነበር። ግን ለልጁ እንጻፍለት ማለት አቃተሽ? መጻፍ እንደሆነ ታውቂበት ነበር።

ሞሪትስስ ወደቡ ላይ ሥራ ያገኘው ያኔውኑ አይደለም? አትመልሺልኝ። ያንቺ መልስ ለእኔ አይሆነኝም።

ለዶሪስ ትናንት ነገርኳት። እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ስንት ሻማ ነው ያበራሁት?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስካሁን አላናገረችኝም። ለብቻዋ በመርከቡ ጠርዝ ስትመላለስ ከዚህ ትታየኛለች። ዛሬ ጠዋት ግን በአስተናጋጁ በኩል ወረቀት ልካልኛለች፤ «ማክሰኞ የትም አልሄድም፣ ወደ እሷ ካልሆነ» ይላል።

ስለዚህ በታክሲ አንሄድም። በወደቡ አውቶቡስ ወርደን መንገዱን እንሻገራለን። ወደ እናቴ እሄዳለሁ። ማክሰኞ የአንቺ ቀን መሆኑን ነግረሽኛል። አንቺን ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ማግኘት አልፈልግም፤ በመተላለፊያውም፣ በጣቢያውም። ቅሪ።

ኦዲሎን


ሊሰቬገ
ጁን 17 ቀን 2011

ኦዲሎን፤

ቀርቻለሁ።

ይህ ደብዳቤ ቤትህ ስትገባ ይጠብቅሃል፤ በመንገድ ላይ እንዳያስቸግርህ ብዬ ነው ወደዚያ የላክሁት። ማክሰኞ ቀን ሙሉ ከቤቴ አልወጣሁም። መስኮት አላጸዳሁም፣ አላነበብኩም። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ተሳፍረህ ይሆን እያልኩ ነው የዋልኩት። በነጋታው ሄድኩ።

«ትናንት የት ነበርሽ?» አሉኝ እናትህ። ፀጉራቸው ገና እንደተሠራ ነው፤ ትራስ እንዳያበላሸው ብለው ተቀምጠው አድረዋል።

«አልተመቸኝም።»

«እሱ ነው የከለከለሽ?»

ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ወንበርሽ ላይ ተቀመጠበት። የተሰነጠቀ መሰለኝ፤ ፊርሚን ድምፁን ሰምቷል።»

«ሰምቻለሁ» አለ ፊርሚን ከወዲያ። «ክሬን አምጡ ብዬ ነበር።»

ሚስትህ ከቋንቋችን አንድ ቃል ሳትሰማ ከሰዓት በኋላ ድረስ እጃቸውን ይዛ እንዳለቀሰች ነገሩኝ። «ምን ሆና ነው የምታለቅሰው ስለው፣ ሞተሻል ብያት ስለነበር ነው አለኝ። ታዲያ አሁን ደስ አይላትም?» አሉ። እኔም «ብሩገስ አልሄዱም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ፀጉሬን ተሠርቼ ተቀምጬ? የት ይሄዳሉ?» አሉኝ።

ማን አነበበልሽ ብለህ እንደጠየቅሃቸውም ነግረውኛል። እኔው ራሴ ነኝ ያነበብኩት እንዳሉህ፣ አንተም አልማናኩን እንኳ ገልብጠሽ ነው የምትይዢው ብለህ እንደሳቅህ። ስትስቅ አባትህን መሰልክ አሉ። እኔ ላይ ያለህን ቁጣ ግን ይዘኸው እንደወጣህ አውቃለሁ፤ እሳቸውም አውቀዋል። ያዘው። ከእጅህ ልቀማህ አልጽፍም።

በአንድ ነገር ብቻ እቆጣሃለሁ። አትመልሺልኝ ብትልም ይህን እመልሳለሁ። ሞሪትስ ወደቡ ላይ የገባው ልጃችን አራት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው፤ ጡብ ፋብሪካው ተዘግቶበት፣ ሌላ ሥራ አጥቶ። ያን ወረቀት በዓይኑ አላየውም። የዚያን ቀን ገበያ ሄዶ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁለት ሴቶች ብቻ ነን። ብስክሌት ያስተማረህን ሰው ከሞተ በኋላ አትወንጅለው። እኔን የምትለኝን በል፤ እሱን ግን ተወው።

ስትሄድ ጠረጴዛው ላይ የጻፍክላቸውን ወረቀት ትተህላቸዋል። ረቡዕ መነጽራቸውን ፈልገው አጡትና ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጉት። «ምን ይላል? አንብቢልኝ» አሉኝ። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ተገረሙ። እንደገና ዘረጉልኝ። ደወሉን ተጭኜ ነርሷን ጠራኋትና ስታነብላቸው ወደ መተላለፊያው ወጥቼ በሩን ዘጋሁት። ስመለስ ወረቀቱ ተጣጥፎ ትራሳቸው ስር ገብቷል። ምን እንዳልካቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ጻፍላቸው። ነርሷ ጠዋት ጠዋት ትገባለች፤ ነግሬያታለሁ፣ የምታነብላቸው እሷ ናት። ፊደሉን አግዝፈው።

ዙልማ